ጋሼ ሐዋርያት የላኩት ዘይት

ሉሌዎ፣ ስዊድን
ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ የልጅ ልጅ ለሰብለ ወንጌል፣ ቁንዝላ።

የእግዚአብሔር ሰላም ከነእናትሽ ይድረስሽ። ወገቧ እንዴት ሆነላት? ጣናስ እንዴት ከረመ? እኔ፣ ስሙ ይክበርና፣ ብርዱን ከመርገም በቀር ሌላ ሕመም የለብኝም። እዚህ ገና በጥቅምት ኩሬው በረዶ ለብሷል።

ስልክ እያለ ለምን ይጽፋሉ ትይኝ ይሆናል። በስልክ «ደኅና ነን፣ ደኅና ነን» ስንባባል ሒሳቡ ያልቃል። አንቺም በእጅሽ ጻፊና ፎቶ አንስተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ፤ እኔም እንዲሁ አደርጋለሁ። ሰው እውነቱን የሚያወጣው ብዕር ሲይዝ ነው።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። እዚህ ያለው የሀገር ልጆች ማኅበር አዋጥቶ ለጤና ጣቢያ ሥራሽ የገዛልሽ ሞተር ሳይክል ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ባለፈው በላክሽው ፎቶ ላይ ከሥሯ የተንጠባጠበ ጥቁር ዘይት አየሁ። እንደምታውቂው የምሠራው የመኪና ዕቃ መደብር ውስጥ ነው፤ የእኔ መደርደሪያ የዘይት ነው። ስለ ሌላ ነገር ብትጠይቂኝ እንጃ እላለሁ፤ በዘይት ግን ማንም አይከራከረኝም።

ጠርሙሱ ላይ ሁለት ቁጥር አለ። ደብልዩ የተጻፈበት የፊተኛው፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሣ ዘይቱ ምን ያህል ቶሎ እንደሚፈስ ይናገራል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ዘይቱ ቀጭን ነው። ሁለተኛው ሞተሩ ከጋለ በኋላ ምን ያህል ወፍራም ሆኖ እንደሚቆይ ነው። እናንተ ዘንድ የሚሸጠው ሃያ-ሃምሳ እዚህ ቢመጣ በጥር ወር በማንኪያ ተቆርሶ ካልሆነ አይወጣም። እኔ የምልክልሽ አምስት-ሠላሳ ነው። ነዳጅ ቆጣቢ ነው፤ ሲቀዳ እንደ ውኃ ይወርዳል። የአለቃዬ መኪና የሚጠጣው እሱን ነው።

ኪሩቤል የሚባለው የማኅበራችን ልጅ ለሠርጉ ባሕር ዳር ይመጣል፤ አራት ጠርሙስ በሻንጣው ይዞልሻል። ያንን ጭቃ አስደፊና ይሄን አስሞዪ። ስታስሞዪ ፎቶ ተነሺ፤ ለማኅበሩ አሳያለሁ። እምቢ ማለት የለም።

መድኃኔ ዓለም መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ከክረምት ጭቃና ከወረዳ ስብሰባ ይጠብቅሽ።

ጋሼሽ ወልደ ሐዋርያት


ቁንዝላ
ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ሐዋርያት፣

ጤናዎ እንደምን አለ? የዚያ አገር ብርድ አጥንትዎን እንዳይነካው እናቴ ኪዳን በሄደች ቁጥር ታስብዎታለች። እኛ ደኅና ነን። ጣና ጎድሎ ውኃው በሸሸበት ዳር ሽምብራ እየተዘራ ነው።

ኪሩቤል ዘይቱን በሰላም አድርሶልኛል። ያን ሁሉ መንገድ በሙሽራ ሻንጣ ውስጥ ከሱፉ ጋር መምጣቱን ሳስብ አሳቀኝም አሳዘነኝም። እዚሁ ቁንዝላ ሞተር የሚጠግንልን ሳዲቅ ዘንድ ወስጄ አስሞልቻለሁ፤ ፎቶው ከዚህ ጋር አለ። ነጭ ጋዋን የለበስሁት እኔ ነኝ፣ እንደ ድስት ቂጥ የጠቆረው ሳዲቅ ነው።

ሞተሯ ቅቤ የጠጣች መሰለች፣ ጋሼ። ድምፅዋ ለስልሷል፣ ዳገቱም ቀሏታል። እንዲህ ያለ ዘይት አይቼ አላውቅም። ለማኅበሩ አባላት ሁሉ ምስጋናዬን ያድርሱልኝ። እግዚአብሔር እርስዎን አይንሣን፤ ከሰው አገር ብርድ በጤና ያውጣዎት።

ልጅዎ ሰብለ ወንጌል


በዚያው ቀን ተጽፎ ያልተላከ

ጋሼ፣

ፎቶው እውነት ነው። አብሬው የጻፍሁት ግን እውነት አይደለም።

ሳዲቅ ጠርሙሱን አገላብጦ አየና «ይሄ የመኪና ነው» አለኝ። የመኪና ፍሪሲዮን ከሞተሩ ዘይት ውጭ ለብቻው ነው፤ የሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን ግን እዚያው ዘይቱ ውስጥ ተነክሮ ይሠራል። ይህ ነዳጅ ቆጣቢ ዘይት ሁሉን ነገር እንዲያንሸራትት ሆኖ ስለተሠራ የፍሪሲዮኑ ሸራዎች እርስ በርስ መያያዝ ያቅታቸዋል፤ የሞተሩም ጉልበት ጎማው ጋ አይደርስም። ቅጥነቱም ለእኛ ሙቀት አይሆንም። ይህን ሳዲቅ ባይነግረኝም አውቀው ነበር፤ መንጃ ፈቃድ ስናወጣ ተምረነዋል። እርስዎ ግን ፎቶ እየጠበቁ ነው። «ዝም ብለህ ሙላው» አልሁት።

በማግሥቱ የክትባት ሣጥን ከኋላ ጭኜ ወደ ገጠር ስወጣ ዳገቱ ላይ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው አይሄድም። ነዳጅ በጨመርሁ ቁጥር ጩኸቱ ይብሳል። ወርጄ ስገፋ ገበያ የሚሄዱ ሴቶች ሳቁብኝ። ስመለስ አስደፋሁት። የቀሩትን ጠርሙሶች ለአንድ የሚኒባስ ሹፌር ሰጠሁትና እሱ በምትኩ ለሞተር ሳይክል የሚሆን ሃያ-ሃምሳ አመጣልኝ። አሁን ደኅና ትሄዳለች።

ሰው ብርድ አገር ቆሞ ሠርቶ፣ የሰው ሻንጣ ለምኖ የላከውን ነገር አይሆንም ብሎ መጻፍ እንዴት ይቻላል? እናቴን ብጠይቃት «አመስግኝና ዝም በዪ፤ ማንን ይጎዳል?» አለችኝ። እኔም ማንን እንደሚጎዳ አልታየኝም። ግን ደስ አላለኝም። ነገ አስተካክዬ እልከዋለሁ።


ሉሌዎ
ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሰብልዬ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ ቤትሽ ይሙላ። ደብዳቤሽን ከቅዳሴ በኋላ በማኅበሩ ፊት ቆሜ አነበብሁት። «ቅቤ የጠጣች መሰለች» የሚለው ላይ ስደርስ ሰው አጨበጨበ። ዕድሜ ልኬን ከመደርደሪያ ዘይት ሳወርድ ለዘይት ሲጨበጨብ ሰምቼ አላውቅም።

አሁን ደግሞ ተራው የወንድሜ የአበራ ነው። ከግብርና መሥሪያ ቤት በጡረታ ሲወጣ የገዛትን ሞተር ሳይክል እስካሁን እንፍራንዝ ላይ ያስነሣታል፤ እርሻውም ገበያውም በእሷ ነው። ዘይት ልላክልህ ስለው መጀመሪያ አንገራገረ። «እኔ የለመድሁት ወፍራሙን ነው፣ በዚህ ዕድሜዬ አልቀይርም» አለ። ደብዳቤሽን ላክሁለት። አንብቦ «ሰብለ ካለችማ ይሁን፤ እሷ በየቀኑ የምትነዳ ልጅ ናት» አለኝ። የኪሩቤል ሚዜ ሰሞኑን ሲመጣ ይዞለት ይመጣል።

ማኅበሩም ከፋሲካ በኋላ አንድ ካርቶን ሊልክ ወስኗል፤ በወረዳሽ ሞተር ሳይክል ለሚነዱ የጤና ሠራተኞች በሙሉ። አከፋፋይዋ አንቺ ነሽ። ለአበራም ደውለሽ አጠቃቀሙን ንገሪው። ቃልሽን ይሰማል።

እግዚአብሔር በሰው ፊት ሞገስ እንደሰጠሽ በእሱም ፊት ሞገስ ይስጥሽ።

ጋሼሽ ወልደ ሐዋርያት


ሉሌዎ
ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰብለ፣ እንኳን ለጥምቀቱ አደረሰሽ።

ደብዳቤዬን ማየትሽን ሁለቱ የቴሌግራም ምልክት ነግሮኛል። ታመምሽ ወይስ እናትሽ ታመመች? ኔትወርክ ነው እንዳልል ፎቶሽን ስትቀይሪ አይቻለሁ። ሁለት መስመርም ቢሆን ጻፊልኝ። የአበራ ዘይት ደርሷል።

ወልደ ሐዋርያት


ቁንዝላ
ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ሐዋርያት፣

እንዴት ከረሙልኝ? ስለ ዝምታዬ ይቅርታዎን እለምናለሁ። የኩፍኝ ክትባት ዘመቻ ላይ ነበርሁ፤ ከቀበሌ ቀበሌ ስንዞር የምጽፍበት ፋታ አጣሁ። እናቴ ደኅና ናት። እምቦጩ ዘንድሮም የጀልባ ማረፊያውን ይዞታል፤ ዓሣ አስጋሪዎቹ ጀልባ ከማሰማራታቸው በፊት አረም ሲነቅሉ ይውላሉ።

ለማኅበሩ አንድ ነገር ባሳስብ ድፍረት አይሁንብኝ። ካርቶን ዘይት ብዙ ይከብዳል፤ በዚያ ላይ እዚህም ዘይት አይጠፋም። ከተቻለ በምትኩ የማዋለጃ ጓንት ቢላክ እኔም ጓደኞቼም እጅግ እንጠቀም ነበር።

ስለ ጋሼ አበራም አስቤ ነበር። የእሳቸው ሞተር ሳይክል ያረጀች ስለሆነች የለመደችውን ዘይት ባትለውጥ አይሻልም ይላሉ? እንዲያው ሐሳቤን ነው። እሳቸው ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ። ደውዬላቸው ነበር፣ ስለ ጤናቸው ተጨዋውተን ሌላውን ሳናነሣ ተቋረጠ።

ጾሙን በሰላም ያስጀምርዎት።

ልጅዎ ሰብለ ወንጌል


ሉሌዎ
የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሰብልዬ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ደብዳቤሽን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ዘይቱን ለብቻሽ ልታስቀሪ ፈለግሽ እንዴ? «ያረጀች ናት፣ የለመደችውን ባትለውጥ» ትያለሽ፤ አንቺ ቅቤውን ጠጥተሽ ለአበራ ኑግ ይቅረብለት ነው? እንዲህ ስስታም መሆንሽን አላውቅም ነበር።

ለማንኛውም ዘግይተሻል። አበራ ሞልቶ መንዳት ከጀመረ ሰነባብቷል። ስጠይቀው «ቅቤ ነው» አለኝ፣ ያንቺኑ ቃል። ጓንቱን ለማኅበሩ እናገራለሁ፤ ዘይቱ ግን ተገዝቷልና ይመጣል። አይዞሽ፣ ለሁላችሁም ይበቃል።

የጾሙን ወራት ያቅልልሽ።

ጋሼሽ ወልደ ሐዋርያት


ባሕር ዳር
መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ ሐዋርያት፣

ሰላምታውን ያቆዩልኝ፤ በሰላምታ ከጀመርሁ ወደ ነገሩ ሳልደርስ እቀራለሁ።

ጋሼ አበራ ከሞተር ሳይክል ወድቀው እግራቸው ተሰብሯል። አይደንግጡ፤ በሕይወት አሉ፣ ደኅና እየተናገሩ ነው። ግማሽ ኩንታል ጤፍ ከኋላ ጭነው ከገበያ ሲመለሱ በጉዛራ በኩል ያለው ዳገት ላይ ሞተሩ እየጮኸ መሄድ አቃተው። ወደ ኋላ ሲንከባለል በእግራቸው ሊገቱት ሞከሩ፤ ጠጠሩ አንሸራተታቸውና ከነጤፉ ላያቸው ላይ ወደቀባቸው። ቅልጥማቸው ተሰብሮ እዚህ ባሕር ዳር አምጥተዋቸው ብረት ገብቶላቸዋል።

እንደሰማሁ ከቁንዝላ መጣሁ። ባለቤታቸው እትዬ አገርነሽ አጠገባቸው ነበሩ። ጋሼ አበራ ለመጣው ጠያቂ ሁሉ «መንገዱ ነው፣ ጠጠሩ ነው» ይላሉ። እትዬ አገርነሽ ውኃ ሊቀዱ ሲወጡ ግን ጋሼ አበራ እጄን ያዙና እንዲህ አሉኝ፤

«ፍሪሲዮኑ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይከዳኝ ነበር። ሐዋርያት ከስንት አገር የላከው ነው ብዬ ዝም አልሁ። ደግሞ አንቺ ቅቤ ነው ብለሻል፤ የእኔዋ አርጅታ ይሆናል፣ ጥፋቱ የእሷ ነው ብዬ አሰብሁ።»

መሬት ተሰንጥቆ ቢውጠኝ በወደድሁ። ቀጠሉና «አደራ ልጄ፣ ለሐዋርያት መንገዱ ነው በዪው። በሰው አገር ብቻውን ነው፣ ልቡ ይሰበራል» አሉኝ። እሺ አልኋቸው። እሺ ስል ዓይናቸውን ማየት አልቻልሁም፤ ብረት የገባበትን እግር እያየሁ ነው እሺ ያልሁት።

እንግዲህ አደራቸውን እየበላሁ ነው። ኅዳር ላይ ጽፌ ያልላክሁልዎትን ገጽ ፎቶ አንስቼ ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። እሱን ሲያነቡ ሁሉንም ያውቃሉ። ዘይቱ በእኔ ሞተር ውስጥ የቆየው አንድ ቀን ብቻ ነው። ዳገት ላይ ምን እንደሚያደርግ እኔ ከጋሼ አበራ በፊት በእግሬ አይቼዋለሁ። እያወቅሁ ቅቤ ነው አልሁ። ጋሼ አበራ በእኔ ቃል እሺ እንዳሉ ሲጽፉልኝ ደግሞ እውነቱን ከመናገር ይልቅ ያረጀች ናት፣ ጓንት ይሻላል እያልሁ ዳር ዳሩን ዞርሁ። ስስታም አሉኝ። ስስታም መባሉን ወደድሁት፣ ጋሼ፤ ውሸታም ከመባል ይቀላል ብዬ።

በስልክም አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ደውዬላቸው ስለ ወገባቸው፣ ስለ በጋው፣ ስለ ጤፍ ዋጋ አወራን። «ጋሼ፣ ያን ዘይት ያስደፉት» የሚለው አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔው በየቀኑ ሲከብድ ነው የከረመው።

ካርቶኑን እባክዎ ያስቀሩት። ክፉ ዘይት አይደለም፤ ለመኪና ጥሩ ነው። ለሞተር ሳይክል ግን ጠርሙሱ ላይ ለሞተር ሳይክል ተብሎ የተጻፈበት ካልሆነ፣ ቁጥሩም ለዚህ አገር ሙቀት ሃያ-ሃምሳ ወይም ቢቀጥን አሥር-አርባ ካልሆነ አይሆንም። እነዚያ የሥራ ጓደኞቼ ነፍሰ ጡር ከኋላ ጭነው ዳገት ይወጣሉ።

ይቅር ይበሉኝ ማለት አፈርሁ። ስለዚህ አልልም።

ሰብለ ወንጌል


ሉሌዎ
ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሰብለ ወንጌል፣

እንኳን ለትንሣኤው አደረሰሽ። ደብዳቤሽን በመጣበት ቀን ነው ያነበብሁት። በዚህ ጊዜ ሁለቱን ምልክት አንቺ አይተሽ ስትጠብቂ ከርመሻል፤ ዝም ያልሁት ተናድጄ ነው። ባደረግሁላት ፋንታ በማኅበር ፊት መሳቂያ አደረገችኝ ብዬ ነው የተናደድሁት። ስለ አበራ እግር ከማሰቤ በፊት ስለ ጭብጨባው አሰብሁ። ይህንን ላንቺ መጻፍ ያስጠላኛል፣ ግን የሆነው እሱ ነው።

ንዴቴ ሳይበርድ ለአበራ ደወልሁ። «ፍሪሲዮኑ ነው ወይ የጣለህ?» አልሁት። «ማርያምን መንገዱ ነው፤ ዘይትህማ ቅቤ ነው» አለኝ። አበራ ታላቄ ነው። ልጅ ሆኜ ስዋሽ የገረፈኝ እሱ ነው። በፍርድ ቤት ለገዛ ወዳጁ ምስክር ቆሞ እውነቱን ተናግሮ ያስፈረደበት ሰው ነው። ያ ሰው እግሩ ውስጥ ብረት ይዞ፣ እኔን ላለማሳፈር በማርያም ስም በሐሰት ማለልኝ። እኔ ምን ዓይነት ሰው ብሆን ነው ወንድሜ እንዲህ የፈራኝ? ክፉ ሆኜ ቢፈራኝ ይገባኛል። እናንተ ግን የምትፈሩት ደግነቴን ነው። ከሥሩ ሁልጊዜ «ፎቶ ላኩልኝ» አለበትና።

በማግሥቱ ሥራ ስገባ ከመደርደሪያዬ ጎን ያለውን አየሁ። የሞተር ሳይክል ዘይት ነው። ጠርሙሱ ላይ ሞተር ሳይክል ተሥሎበታል፤ ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ያውቀዋል። አጠገቡ ቆሜ ስንት ክረምት አሳልፌያለሁ። ለአለቃዬ መኪና የሚሆን ለሁሉ ይሆናል ብዬ ዞር ብዬ አላየሁትም። እናንተን አንድ ቃል አልጠየቅሁም። መጠየቅ ለማያውቅ ሰው ሌላው እንዴት ብሎ እውነቱን ይነግረዋል?

ካርቶኑ ለመደብሩ ተመልሷል። ማኅበሩ ፊት ቆሜ ሁለቱንም ደብዳቤዎችሽን፣ የተላከውንም ያልተላከውንም አነበብሁ። ማንም አላጨበጨበም። አንዲት ሴት ብቻ መጥታ «የእኔም እናት የምልክላትን መድኃኒት ጥሩ ነው ትለኛለች» አለችኝና ሄደች።

አንድ ነገር ልትቀየሚኝ ትችያለሽ። ለአበራ ማወቄን ነግሬዋለሁ፤ ከማን እንደሰማሁም መደበቅ አልቻልሁም። እኔም ልዋሽ ነበርና ተውሁት።

አሁን የምለምንሽ ይህን ነው። ከዘይቱ በፊት የላክሁትስ? ለእናትሽም፣ ላንቺም፣ ለጤና ጣቢያውም። እውነቱን ጻፊልኝ። ፎቶ አልፈልግም።

ወልደ ሐዋርያት


ባሕር ዳር
ግንቦት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ሐዋርያት፣

እንደምን ሰንብተዋል? እዚያ በረዶው ቀልጦ ፀሐይ ወጥቷል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

የጠየቁኝን ልመልስ። ለእናቴ የላኩት ጫማ ጠቧታል። እርስዎ ፎቶ ስለፈለጉ አድርጋው ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ጣቷ ቆስሎ እኔ ነኝ ያከምኋት። አሁን ለጎረቤት ልጅ ሰጥታዋለች። ለእኔ የላኩት ካፖርት ለቁንዝላ ሙቀት አይለበስም፤ ሣጥን ውስጥ ነው። የደም ግፊት መለኪያው ግን በእውነት ጥሩ ነው፣ በየቀኑ እሠራበታለሁ፤ ያለ እሱ ሁለት እናቶችን በጊዜ ወደ ሆስፒታል አልልክም ነበር። ይህን ሲያነቡ ያምኑኝ ይሆን ብዬ ብዕሬን አስቀምጬ ቆየሁ። እንዲህ መሆኔ ነው የሚያሳፍረኝ፤ ከእንግዲህ ጥሩውን ጥሩ ነው ብል ማን ይሰማኛል?

ጋሼ አበራ ከሆስፒታል ወጥተው እዚህ ባሕር ዳር ዘመድ ቤት ተኝተዋል። አኩርፈውኛል። የመጀመሪያ ቀን ስሄድ «አደራ በላሽ። በሽምግልናዬ ታናሼ ፊት በማርያም ስም ዋሾ አደረግሽኝ» አሉኝ። በዋሸሁ ጊዜ እግራቸውን ሰበርሁ፣ እውነት በተናገርሁ ጊዜ ደግሞ ስማቸውን። ከዚያ ወዲህ ከቁንዝላ በመጣሁ ቁጥር ምሳ ሠርቼ ይዤ እሄዳለሁ። ሳይዞሩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አድርገው ይቆያሉ፤ ከወጣሁ በኋላ ይበሉታል ይላሉ እትዬ አገርነሽ። ቁስላቸውን ግን እንድጠርግላቸው ይፈቅዳሉ። እጄን ሳሳርፍ እግራቸውን ያቀርቡልኛል፣ ስጨርስ ይሰበስባሉ።

ትናንት ስወጣ እትዬ አገርነሽ እስከ በር ተከተሉኝ። ዙሪያቸውን አዩና ቀስ ብለው፣

«ተነሥቶ የቆመ እንደሆነ ያቺ ሞተር የምትጠጣው የቱን ዘይት ነው? ወረቀት ላይ ጻፊልኝ» አሉኝ።

«እሳቸው ናቸው የጠየቁ?» አልኋቸው።

«እኔ ነኝ» አሉ። እትዬ አገርነሽ ሞተር ሳይክል ላይ ወጥተው አያውቁም፤ ዘይት መቀየሩንም አያውቁት።

ከማስታወሻ ደብተሬ ገጽ ቀደድሁና ሃያ-ሃምሳ፣ ጠርሙሱ ላይ ለሞተር ሳይክል የሚል ይፈለግ፣ ዘይቱ ከመሞላቱ በፊት የፍሪሲዮን ሸራው ይቀየር ብዬ በጥንቃቄ ጻፍሁ። እንዳይሳሳቱ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ስሜን አልጻፍሁበትም።

ሰብለ ወንጌል